የደሴቷ አሸዋ እና ቀኝ ዓይኔ

መጀመሪያ የታዩኝ ጉንዳኖች ነበሩ። ወሩ የአምናው ጥር ነው፣ ጥምቀት አልፎ ሳምንት አልሞላም። ዝዋይ ሐይቅ ላይ፣ ሰው በማይኖርባት በአንዲት ትንሽ ደሴት ዳርቻ በሆዴ ተኝቼ እርጥብ አሸዋ ፎቶ እያነሳሁ ነበር። ውሃው ሲሸሽ አሸዋው ላይ ትቶት የሚሄደው ሽንሽን ደምቆ የሚታየው ፀሐይ ዝቅ ባለችባት በማለዳዋ ሰዓት ብቻ ነው፤ ሦስት ሰዓት ካለፈ ጥላው ይጠፋና ሁሉም ነገር ሜዳ ይሆናል። ስለዚህ ቸኩያለሁ። በካሜራው መመልከቻ ሳይ ሽንሽኑ ላይ አራት አምስት ጥቋቁር ነጥቦች ይርመሰመሳሉ። ጉንዳን ናቸው ብዬ እፍ አልኩባቸው። አልሄዱም። ቀና ብዬ አሸዋውን አየሁት፤ ጉንዳን የሚባል የለም። ሌንሱን ጠረግሁና ተመልሼ ተኛሁ። ነጥቦቹ አሉ።

ይህን የምጽፈው ዛሬ ዓይኑ ውስጥ ጉንዳን፣ ዝንብ ወይም የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር አይቶ መነጽሩን እየወለወለ ላለ ሰው ነው። እኔ ስወለውል አሥር ቀን ፈጅቻለሁ። ማንንም ማስፈራራት አልፈልግም፤ የሆነውን ግን ሳላለሳልስ እናገራለሁ።

ሥራዬ ጉርድ ፎቶ ማንሳት ነው። ልደታ፣ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰው ነጭ መጋረጃ ፊት እያስቀመጥኩ “ቀና ይበሉ፣ ሁለቱም ጆሮዎ ይታይ፣ አይሳቁ” ስል ኖሬያለሁ። ጆሮ ያልታየበት ፎቶ ተቀባይነት የለውም፤ ባለጉዳዩ ተቆጥቶ ተመልሶ ይመጣብኛል። ስለዚህ ሰው ወደ ሱቄ ሲገባ መጀመሪያ የማየው ጆሮውን ነው። ሚስቴ ሰናይት “የመጀመሪያ ቀን ያወራኸኝ ስለ ጆሮዬ ነው” ትላለች፤ እውነቷን ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆና ስትቀጠር ለመታወቂያ ልትነሳ መጥታ ነበር። ፀጉሯን ከጆሮዋ ላይ እንድታነሳ ሦስት ጊዜ አዘዝኳት፣ ስትስቅ ደግሞ አትሳቂ አልኳት። እንዴት እንዳገባችኝ እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ዓመቱን ሙሉ ፊት ሳነሳ እከርምና በጥር አራት ቀን ለራሴ እወስዳለሁ። ደሴቷን ያገኘኋት በአጋጣሚ ነው። ዛሬ ባቱ በምትባለው፣ እኛ ግን እስካሁን ዝዋይ በምንላት ከተማ ሠርግ ላነሳ ተጠርቼ፣ የሙሽራው አጎት ጋሽ ደበላ በማግስቱ በጀልባቸው ሐይቁን ሊያሳዩኝ ወሰዱኝ። ጋሽ ደበላ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሐይቁ ላይ የኖሩ ጀልበኛ ናቸው። ያኔ ዲጂታል የለም፣ ከሠርጉ የተረፈኝ ፊልም አሥራ አንድ ፎቶ ብቻ ያስነሳል። ደሴቷ ላይ ስንወርድ ያየሁትን ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ አየዋለሁ። አሸዋው ከዳር እስከ ዳር እንደ ቀሚስ ተሸንሽኗል። ትንሽ ራቅ ብሎ የደረቀው ጭቃ ተሰነጣጥቆ፣ እያንዳንዷ ቁራጭ ጠርዟን ወደ ላይ አጥፋለች። አረፋው በተመለሰበት መስመር ላይ ነጫጭ የቀንድ አውጣ ቅርፊቶች ተደርድረዋል፤ በመካከላቸው እናቶቻችን ተረከዝ የሚፈትጉበት ዓይነት፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ቀላል ድንጋይ ተበትኗል። በዚህ ሁሉ ላይ የወፍ ኮቴ አቋርጦ ሄዷል፣ አንድ እግር ካንዱ ፊት፣ ምንም ሳይቸኩል። ማንም ቀና በል ያላለው፣ ማንም ተስተካከል ያላለው ነገር እንዲህ ማማሩ ደስ አለኝ። አሥራ አንዱንም ፎቶ እዚያው ጨረስኩ።

ከዚያ ወዲህ ሳንሄድ የቀረንበት ጥር ጥቂት ነው። ሰናይት አብራኝ ትሄዳለች፣ ግን ሕግ አለኝ፦ ያልተነሳ አሸዋ አይረገጥም። እሷ የምትራመደው ከኋላዬ፣ እኔ በረገጥኩበት ላይ እየረገጠች ነው። ሳነሳም ከኋላዬ ቆማ ትጠብቃለች። “ሃያ ዓመት ደሴት ወስዶኝ አንድ ፎቶ የለኝም፤ የሚያነሳው አሸዋ ነው” እያለች ለኮንዶሚኒየም ጎረቤቶቻችን ስታማኝ ሰምቻለሁ። “ፊት ሥራዬ ነው፣ እዚህ የመጣሁት ላርፍ ነው” እላታለሁ። ትክክል የተናገርኩ ይመስለኝ ነበር።

ወደዚያ ማለዳ ልመለስ። ከነጥቦቹ ሌላ አንድ ነገር ነበር። ራሴን ባዞርኩ ቁጥር በቀኝ ዓይኔ ጥግ ላይ ብልጭ ይላል። ቀጭን፣ ነጭ፣ ቅስት የመሰለ ብርሃን። ጋሽ ደበላ ጀልባቸው ላይ ተቀምጠው መረብ እያስተካከሉ ነበር።

“ጋሼ፣ መብረቅ አየሁ ልበል?”

“በጥር ምን መብረቅ አለ ልጄ?” አሉና ሰማዩን ዞር ብለው አዩ። ደመና እንኳ አልነበረም። “ውሃው ነው የሚያብረቀርቅብህ። ዓይንህን ታጠብ።”

ታጠብኩ። ብልጭታው አልተወኝም። ያነሳኋቸውን በካሜራው ስክሪን ላይ ሳይ ነጥቦቹ እዚያም ላይ ተቀምጠዋል፤ ታዲያ ካሜራው ውስጥ አቧራ ገብቷል ብዬ ደመደምኩ። ቀሪዎቹን ሁለት ቀናት ከሰናይት ጋር ሳልነጋገር፣ ሌንስ ስፈታና ስገጥም አሳለፍኩ።

አዲስ አበባ እንደገባን በቀጥታ ወደ አብነት፣ ወደ ከድር ሄድኩ። ከድር ካሜራ ጠጋኝ ነው፣ ከፊልም ዘመን ጀምሮ ወዳጄ። ካሜራዬን ከፍቶ፣ አምፖሉን አስጠግቶ፣ ብዙ ጊዜ ወስዶ አየው።

“ንጹህ ነው” አለኝ።

“ደግመህ እየው።”

ደግሞ አየው። “ነጥቡ ቦታውን ይለዋውጣል ወይስ አንድ ቦታ ነው?”

“ይዋኛል።”

“አቧራ ይዋኛል እንዴ?”

አይዋኝም። ይህን ለጀማሪዎች የማስተምረው እኔ ነኝ፤ ካሜራ ውስጥ የገባ አቧራ ሁሌም አንድ ቦታ ነው የሚቀመጠው። ያም ሆኖ “ተወው፣ አንተ ጋ ይሰንብት፣ ረጋ ብለህ ፈትሸው” ብዬው ወጣሁ። ለምን? ዕድሜዬን ሙሉ ፎቶ ሲበላሽ ጥፋቱ ከዕቃው ወይም ከተነሺው ነበር። ዓይኔ ይሳሳታል የሚል ሐሳብ ጭንቅላቴ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ሱቅ ውስጥ አሮጌውን ካሜራ አውጥቼ መሥራት ጀመርኩ። ነጥቦቹ እዚያም መጡ። ያመንኩትን ነገር ሰምታችሁ እንዳትስቁብኝ፤ ሁለቱም ካሜራ ባንድ ጊዜ ተበላሸ ብዬ ተናደድኩ።

በአሥረኛው ቀን ጠዋት አንዲት እናት ለፍርድ ቤት ጉዳይ ጉርድ ፎቶ ሊነሱ መጡ። እማማ ብርቅነሽ ይባላሉ። ነጠላቸውን ወደ ኋላ አድርገው፣ ተስተካክለው ተቀመጡ። ግራ ዓይኔን ጨፍኜ በቀኙ ተመለከትኩ። እንደልማዴ ነው፤ ሃያ ስምንት ዓመት የሠራሁት በቀኙ ነው።

“እማማ፣ ቀኝ ጆሮዎ አልታየኝም። ነጠላውን ትንሽ መለስ ያድርጉት።”

እጃቸውን ሲያንቀሳቅሱ አየሁ።

“አሁንም አልታየም እማማ።”

“ወጥቷል እኮ ልጄ።”

“አልወጣም። ሻሹን ወደ ላይ ከፍ ያድርጉልኝ እስቲ።”

ቀጥሎ የሰማሁት ድምፃቸው ተለውጦ ነበር። “ልጄ፣ ጆሮዬን በእጄ ይዤልሃለሁ። በዚያኛው ዓይንህ እየኝ እስቲ።”

ቀኙን ጨፍኜ ግራውን ከፈትኩ። እማማ ብርቅነሽ ቀኝ ጆሯቸውን በሁለት ጣታቸው ጎትተው ይዘው፣ እንደተቀጣች ተማሪ ተቀምጠዋል። ጆሯቸው አለ። ግራውን ጨፍኜ ቀኙን ከፈትኩ። ጆሮ የለም። ጉንጭ የለም። በቦታው ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ግራጫ ነገር አለ።

ካሜራውን አስቀመጥኩ። ወንበር ለእሳቸው ማቅረብ የነበረብኝ ሰውዬ፣ እሳቸው ተነስተው እኔን አስቀመጡኝ። “ማንን ልጥራልህ?” አሉኝ። የሰናይትን ስልክ ሰጠኋቸው።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ዓይን ሕክምና ደረስን። ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ተደረገልኝ። ዶክተሯ በብርሃን አየችኝ። ወደ ላይ አስደረገችኝ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን። ብዙ ቆየች።

“ሬቲናል ዲታችመንት ነው” አለች። “ሬቲና የዓይንን የውስጥ ግድግዳ የሚሸፍን ስስ ነገር ነው። የእርስዎ ተቀዷል። በቅዳዱ ፈሳሽ ገብቶ ከግድግዳው እያላቀቀው ነው። ሥራዎ ፎቶ ነው ብለውኛል፤ እንግዲህ የተላቀቀው ፊልሙ ነው። መቼ ጀመረዎት?”

“አሥር ቀን ሆነኝ።”

“ለምን ቆዩ?”

“ካሜራው መስሎኝ ለጠጋኝ ሰጥቼው ነበር።”

“ካሜራውን ያየው ሰውዬ ምን አለዎት?”

“ንጹህ ነው አለኝ።”

“ጎበዝ ባለሙያ ነው” አለች።

ቀጥሎ የተናገረችውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። “ማኩላ የምንለው የሬቲናው መሃል ነው። ፊት የሚለየው፣ ፊደል የሚያነበው እሱ ነው። ፈሳሹ ጠርዙ ላይ ደርሷል። ነገ ጠዋት እንሠራዎታለን። እስከዚያ ባሳየንዎት ጎን ይተኛሉ፣ ምንም አያነሱም፣ አይጎነበሱም።” ከዚያ ግራውንም አየች። እዚያም የሳሳ ቦታ አገኘች፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ራቅ ያለ አይታየኝም፣ ወፍራም መነጽር ነው የማደርገው፤ እንደኔ ዓይነት ሰው ለዚህ የተጋለጠ ነው አለችን።

ፈራሁ። የሚያሳፍር ፍርሃት ነው የፈራሁት። በአንድ ዓይን ይኖራል፣ ብዙ ሰው ኖሯል። ግን ግራው የተረፈኝ ዓይን ብቻ ነው፤ ሃያ ስምንት ዓመት ስጨፍነው የኖርኩት ዓይን። ቀኙ ከጠፋ የሚጠፋው ሥራዬ ነው፣ ደሴቷ ናት። ሰናይት ኮሪደሩ ላይ እጄን ይዛ “አይዞህ” ስትለኝ ፊቷን በቀኙ ለማየት ሞከርኩ። ግማሿ ነበር የሚታየኝ።

ቀዶ ሕክምናው ቪትሬክቶሚ ይባላል። የሚደነዝዘው ዓይኑ ብቻ ነው። ነቅቻለሁ። ድምፅ እሰማለሁ። “አይንቀሳቀሱ” ትለኛለች። አልተንቀሳቀስኩም። ዓይኔ ውስጥ ቀጫጭን ጥላዎች ሲገቡ አየሁ። ጥላዎቹ ሠሩ። በዓይን ኳስ ውስጥ ያለውን እንደ ጄሊ ያለ ነገር አወጡ። ብርሃን መጣ፣ ሌዘር ነው፣ ቅዳዱን ዙሪያውን ተኮሰ። መጨረሻ ላይ ጋዝ ተሞላ። ጋዙ ሬቲናውን እስኪጣበቅ ድረስ ወደ ግድግዳው ገፍቶ ይይዘዋል። ሁሉም ነገር ጨለመ። ዓይኔ ታሽጓል።

“ከእኔ የሚጠበቀው አልቋል” አለችኝ ዶክተሯ። “ከአሁን በኋላ የሚሠሩት እርስዎ ነዎት። አሥር ቀን፣ ከእያንዳንዱ ሰዓት ሃምሳውን ደቂቃ፣ ፊትዎ ወደ መሬት።”

እንግዲህ ይህ ነው ማንም ያላስጠነቀቀኝ ክፍል። ሕመም የለውም፤ ግን ወገብ ይቆረጣል፣ አንገት ይደርቃል፣ አፍንጫ ይታፈናል፣ ሰው ሆኖ መቀመጥ ይናፍቃል። ሰናይት አብነት ካለ ጎሚስታ የሞተር ሳይክል ጎማ የውስጥ ላስቲክ አስነፍታ አመጣች። በነጠላ ጠቀለለችውና ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አስቀመጠችልኝ፤ ግንባሬን እላዩ ላይ አስደግፌ በቀዳዳው በኩል በግራ ዓይኔ ወለሉን አያለሁ። የመኝታውንም እንዲሁ አመቻቸችልኝ። ሌላ ቤት የሚያስታምም ካለ ይህን ዘዴ ይውሰድ፤ ከትራስ ሁሉ ይሻላል።

ወለላችን ሊሾ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ስንኖርበት ስንጥቁን አይቼው አላውቅም ነበር። አሁን በቃሌ ያዝኩት። ከጠረጴዛው እግር ተነስቶ ወደ በሩ ይሄዳል፣ መሃል ላይ ለሁለት ይከፈላል፣ እንደ ደሴቷ ጭቃ። በሦስተኛው ቀን ስንጥቁን እያየሁ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ በዚያች በምታየዋ ዓይኔ።

ጠያቂ አልቀረም፤ ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የታመመ ሰው ብቻውን አይተውም። ብርቱካንና ሙዝ ይዘው ይመጣሉ፣ ጉንጬን ሊስሙ ይፈልጋሉ፣ ጉንጭ የለም፤ ማጅራቴን ስመው ይቀመጣሉ። እኔ የማየው ጫማቸውን ነው። ከድርን በጫማው አወቅኩት፤ ካሜራዬን መልሶ አምጥቶ “ስድስት ጊዜ ከፈትኩት፣ ምንም አላገኘሁበትም፣ አላህ ይማርህ” አለኝና ሁለታችንም ሳቅን። አንድ ቀን ደግሞ የማላውቃቸው ጥቁር የላስቲክ ጫማዎች ገቡ። የጫማዎቹ ባለቤት ቀስ ብለው ጎንበስ፣ ጎንበስ ብለው ፊታቸውን በጠረጴዛው ሥር አሳዩኝ።

“ሱቅህ ተዘግቶ አገኘሁት” አሉኝ እማማ ብርቅነሽ። “ጎረቤቶችህ ናቸው ያመለከቱኝ። ጆሮዬ ተገኘ ወይ?”

ያን ዕለት ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ሳቅሁ። ዶክተሯ አይንቀሳቀሱ ያለችኝ ትዝ ብሎኝ ሳቄን በግማሽ ዋጥኩት።

በአራተኛው ቀን ሰናይት ከአልጋው ሥር አንድ ካርቶን አወጣች። “ወለል እያየህ ከምታለቅስ አሸዋህን እይ” አለችኝ። የደሴቷ ፎቶዎች ናቸው፤ ግን ግድግዳ ላይ የሰቀልኳቸው ትላልቆቹ አይደሉም፣ ሳልቆርጣቸው በፊት ያሳተምኳቸው ትንንሽ ናሙናዎች። የመዝገብ ቤት ሰው ናትና በየጀርባቸው ዓመተ ምሕረቱን ጽፋ፣ በየዓመቱ በክር አስራ አስቀምጣቸው ነበር፤ እኔ መኖራቸውንም ረስቻለሁ። ስድስት ስድስት አድርጋ ወለሉ ላይ ትደረድርልኛለች፣ አይቼ ስጨርስ ታነሳና ሌላ ትደረድራለች። አንዳንዱን እሷ ታስታውሰኛለች፦ ይቺ ዶፍ ዝናብ ያለጊዜው የመጣባት ናት፣ ይቺ ጫማህን ውሃ የወሰደብህ ቀን ናት፣ ይቺ ጋሽ ደበላ ዓሣ የጠበሱልን ናት። እንዴት ያለ ጊዜ ነበር! ወጣት ነበርን፣ ቀኑ ረጅም ነበር፣ ከውሃው ስንመለስ ፊታችን በፀሐይ ተለብልቦ እርስ በርስ እንሳሳቅ ነበር።

ከዚያ አንድ ነገር አየሁ። በአንዱ ፎቶ ግርጌ፣ ጥግ ላይ፣ ረጅም ጥላ አለ። የሰው ጥላ፣ ቀሚስ የለበሰ። ቀጥሎ ያለውንም አየሁት፤ አለ። የሌላ ዓመቱም ላይ አለ። ማለዳ ፀሐይዋ ከኋላችን ነች፣ ሰናይትም ከኋላዬ ቆማ ትጠብቀኛለች፣ ስለዚህ ጥላዋ እየረዘመ ፎቶው ውስጥ ይገባ ነበር። እኔ ትልቁን ሳሳትም ፎቶውን አበላሸ ብዬ እቆርጠዋለሁ። በየዓመቱ ቆርጬዋለሁ። በአንዱ ላይ እጇን ከዓይኗ በላይ አድርጋ ታየኛለች፣ በሌላው ጫማዋን በእጇ ይዛለች።

“ሰናይት፣ ጥላሽን አይተሽዋል?”

“እኔማ ሁሌ ነው የማየው” አለች። “ስትቆርጠኝም አያለሁ።”

ቀና ብዬ ፊቷን ማየት ፈለግሁ፣ አይፈቀድም። እግሯን ያዝኳት።

አሥሩ ቀን አለቀ። ፋሻው ተነስቶ ቀጥ ብዬ ስቀመጥ ቀኝ ዓይኔ የሚያሳየኝ ብዥታ ብቻ ነበር፤ ጋዙ ገና እንዳለ ነውና ይህ እንዳያስደነግጣችሁ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ቀስ እያለ፣ ግን በየቀኑ በዓይን በሚታይ ለውጥ፣ አንዳንዴም በሚያስቅ መንገድ ተሻሻለ፤ ጋዙ እየመነመነ ሲሄድ ከላይ በኩል ጥርት ያለ ነገር መታየት ጀመረ፣ ከታች ደግሞ የጋዙ ጠርዝ እንደ ሐይቅ መስመር ተጋድሞ፣ ስራመድ እየተናወጠ፣ ስቆም እየረጋ፣ ከቀን ቀን ዝቅ ሲል አየዋለሁ። በሦስተኛው ሳምንት ሰናይትን ጨቅጭቄ ዶክተሯን አስጠየቅኳት፦ ዝዋይ ደርሰን ብንመለስስ? መቼም ቆላ ነው፣ አየሩም ደህና ነው።

“መውረዱ አይደለም የሚያስፈራኝ” አለች ዶክተሯ። “መመለሱ ነው። ወደ ከፍታ ሲወጡ ጋዙ ይሰፋል፣ የዓይንዎ ግፊት ይጨምራል፣ የደከምንበትን ሁሉ ሊያበላሸው ይችላል። አውሮፕላን የለም። እንጦጦ የለም። ጋዙ እስኪያልቅ ልደታ ይቀመጡ።” ልብ በሉ፤ ከክፍለ ሀገር መጥታችሁ የምትታከሙ ሰዎች አገራችሁ ደጋ ከሆነ ይህን ሳትጠይቁ አትሳፈሩ።

በስድስተኛው ሳምንት ጋዙ ትንንሽ ኳሶች ሆኖ ተከፋፈለና አንድ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ጠፋ። በቀኝ ዓይኔ ከመስኮታችን ማዶ ያለውን ሕንፃ አየሁ። በረንዳው ላይ የተሰጣው ልብስ ቀለሙ ሳይቀር ይታየኛል። ሰናይትን ጠርቼ አቅፌያት ቆየሁ። ያልተመለሰ ነገር አለ፣ አልደብቅም፦ ቀጥ ያለ መስመር ለቀኝ ዓይኔ ቀጥ አይልም። የበሩ መቃን፣ የደረጃው ብረት፣ የጋዜጣ መስመር መሃሉ ላይ ይታጠፍብኛል፣ ውሃ ውስጥ እንዳለ ነገር። ፈሳሹ የማኩላውን ጠርዝ ስለነካ ነው። ከእንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና በኋላ እንደሚመጣ የተነገረኝ የዓይን ሞራም እየመጣ ነው፣ በጊዜው ይነሳል። ግራው በሌዘር ተጠናክሯል፣ ደህና ነው። ሱቅ ውስጥ አሁን በግራው ነው የምሠራው፤ ስጀምር እንደ ጀማሪ የሰው ግንባር እየቆረጥኩ ብዙ ሰው አስቀይሜያለሁ።

ምክሬ አጭር ነው። ድንገት አዲስ ነጥቦች ካያችሁ፣ ዓይናችሁ ጥግ ላይ ብልጭታ ካለ፣ መጋረጃ የመሰለ ጥላ ከየትኛውም ወገን ከመጣ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ። እስኪያማችሁ አትጠብቁ፤ እኔን አንዲት ጊዜ እንኳ አላመመኝም። አልፎ አልፎ አንዱን ዓይን ሸፍናችሁ በሌላው እዩ፤ ሁለቱ ዓይኖች አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፋፍናሉ፣ እኔም ከሥራ ውጪ በሁለቱም ሳይ ምንም የጎደለ አይመስለኝም ነበር። ፊታችሁን ደፍታችሁ እንድትቆዩ ከታዘዛችሁ ታገሱት፣ የሚጣበቀው በእናንተ ትዕግሥት ነው። የምታስታምሙ ደግሞ፣ የሚያየው ነገር ወለሉ ላይ አኑሩለት። ምስጋናዬ ለዶክተሯና አብረዋት ለነበሩት፣ አጥብቆ እውነቱን ለነገረኝ ለከድር፣ ጆሯቸውን ይዘው ለተቀመጡልኝ ለእማማ ብርቅነሽ ነው። የእሳቸውን ፎቶ እንደገና አንስቼ፣ ቤታቸው ድረስ ወስጄ ሰጥቻቸዋለሁ።

የሰናይትን ምስጋና በቃል አልሰጠሁም። ዘንድሮ ጥምቀት ሲያልፍ ጋሽ ደበላ ጋ ደወልን። አርጅተዋል፣ ጀልባውን ግን ለማንም አልሰጡም። ማለዳ ደሴቷ ላይ ስንወርድ አሸዋው እንደ ዱሮው ተሸንሽኖ ጠበቀን። ግራ ዓይኔን ጨፍኜ በቀኙ ተመለከትኩት፤ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔ ምንም አልጎደለውም። ደሴቷ ላይ ቀጥ ያለ ነገር የለምና የሚጣመምብኝ አጣሁ። እዚያው ቆሜ ብዙ ቆየሁ። ሰናይት ከኋላዬ፣ ኮቴዬ ላይ ቆማለች። ጥላዋ በጎኔ አልፎ አሸዋው ላይ ተዘርግቷል።

“ነይ እዚህ ተቀመጪ” አልኳት።

“የት?”

“ሽንሽኑ ላይ።”

“ይበላሻል እኮ፣ አላነሳኸውም።”

“ይበላሽ።”

እንደ ሌባ በጫማዋ ጫፍ እየረገጠች ሄደች፣ መሃሉ ላይ ስትደርስ ተወችውና ቁጭ አለች። በቀኝ ዓይኔ አየኋት። ከኋላዋ ያለው የውሃ መስመር ትንሽ ይታጠፍብኛል፣ የነጠላዋ ጥለትም እንዲሁ። እሷ ሳትታዘዝ ፀጉሯን በሁለት እጇ ወደ ኋላ አደረገችው።

“እህስ?” አለች። “ሁለቱም ጆሮዬ ይታያል?”

“ይታያል” አልኳት። “ሁለቱም።”

ሳቀች። አትሳቂ አላልኳትም።